አናቱ የተቀደደ ኮፍያ

በድርቁ ጊዜ መካነ ሰላም የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ከከተማው ዳር በሸራና በቆርቆሮ የቆመ መጠለያ ነበር፤ ከከላላ በኩል በእግራቸው የመጡ ገበሬዎች ሞልተውበታል። ቀበሌው ሴት ተማሪዎች ለሕፃናቱ ኮፍያ፣ ካልሲና ጓንት እንዲሠሩ አዘዘ። የእጅ ሥራ አስተማሪያችን ሰልባጅ ሹራብ አስተረተሩን፣ ለሹራብ መሥሪያ የጃንጥላ ሽቦ አስሞረዱን፣ ጀመርን።

እኔን ያጓጓኝ ሥራው ሳይሆን የሥራው መድረሻ ነበር። ነገር ካልገባኝ አርፌ አልቀመጥም፤ እናቴ "መርማሪ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ" ትለኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ለእደላው አብሬ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ያየሁት ጓንቱን ነው፤ እናቶች ለልጆቻቸው እግር አጥልቀውታል፣ የአውራ ጣቱ ቤት ተረከዝ ላይ ተገትሯል። ስቄ ልሞት ነበር። እግር እስከሞቀ ድረስ ግን ምን ቸገረኝ?

ያልገባኝ የወንድ ልጆቹ ኮፍያ ነው። በሳምንቱ ብዙዎቹ አናታቸው ላይ ተቀደው አገኘኋቸው። አንዷ ጓደኛዬ "ክሩን እየሸጡት ነው" አለች። አልተዋጠልኝም። ክር የሚሸጥ ሰው ሁሉንም ይተረትረዋል እንጂ አንዲት ቀዳዳ ብቻ አይከፍትም። ደግሞ የቀዳዳው ዙሪያ በመርፌ ተቀምቅሟል።

ከእኔ ብዙም ከማትበልጥ እናት አጠገብ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሕፃን ልጇን መንገድ ላይ ቀብራ የመጣች ናት። የቀራት አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ጭኗ ላይ ተኝቶ ያስላል።

"እህቴ፣ ምነው ቀደድሽው?" አልኳት።

የልጁ ራስ ለቅማሉ ተላጭቶ አናቱ ላይ ቁንጮ ብቻ ቀርታለች። በቀዳዳው ስባ አወጣቻት።

"ከተሸፈነችማ መልአኩ በምን ይዞ ወደ ሰማይ ያወጣዋል? ይኸው፣ ዛሬ ነገ እያለ ነው።"

ክው አልኩ። የከተማችን ወንድ ልጅ ሁሉ ቁንጮ ነበረው፤ በዚህ ሳምንት ለመልአኩ ታስፈልጋለች ብሎ የተናገረ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም።

ለአስተማሪያችን ነገርኳቸው። "እንግዲያው ቀዳዳውን እኛው እናበጅላቸዋ" አሉ። ከዚያ በኋላ የወንዶቹን ኮፍያ አናቱን ክፍት አድርገን ሠራን። የቀበሌው ሰው "ይሄ ነፋስ ማስገቢያ ነው" ብሎ ቢያሾፍም ሥራችንን ቀጠልን።

እኔ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ያንን ልጅ ነው። ከሸራው ደጃፍ ስደርስ ሳሉን ካልሰማሁ እየሮጥኩ እገባለሁ። አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብሎ ሲበላ አገኘሁት፤ ሌላ ቅዳሜ ከልጆች ጋር ሲጣላ።

ዝናቡ ሲመጣ ገበሬዎቹ ዘር እየተሰጣቸው ወደየቀያቸው መመለስ ጀመሩ። ያቺ እናትም ልጇን በእጇ ይዛ መጣችና ኮፍያውን ሰጠችኝ።

"መግባታችን ነው። አገራችን ብርድ ነው፤ ይቺን ቀዳዳ ድፈኝልኝ።"

"ቁንጮውስ?" አልኳት።

"እሷም ትሙቅ። መልአኩ ይቆየን።"

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ደፈንኩት። ከደስታዬ ብዛት ስቸኩል ስፌቱ ተንጋደደ። እሷ ግን እስከ ጆሮው ድረስ ሳብ አድርጋ አጠለቀችለትና መንገድ ጀመሩ።