በሽቦ ያሳበብኩት አምባሰል

እልኸኛ ነኝ፤ ጊታሬ ከተነካማ አይጣል ነው። እናቴ ወሎዬ፣ አባቴ ሱዳናዊ፤ ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ነው። ሱዳኖቹ ሐበሻ ይሉኛል፣ ሐበሾቹ የዓረብ ልጅ። ስለዚህ አንዲት በሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ፣ «በጓደኛዬ ሰርግ አምባሰል ልዘፍን ነው፤ አጅበኝ» ስትለኝ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ለሐበሻ ዘፈን እኔን የጠየቀ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

ችግሩ ድምጿ ለስላሳ ነው። ከኦምዱርማን ገበያ የገዛኋት አሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታሬ ደግሞ ቮልዩሟን ስከፍተው ትደነፋለች፤ ቮልዩሟን ስቀንሰው ቀጭኑ ድምፅ ሁሉ ይጠፋና ብርድ ልብስ የተከናነበች ይመስላል። የመጀመሪያውን ልምምድ ስንጨርስ፣ «ወንድሜ፣ የሆነ ነገር ልክ አይደለም» አለችኝ ረጋ ብላ።

«ጊታሩ ነው፤ ታፍኗል» አልኳት ወዲያው። «አስጠግነዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

«እንግዲህ ለሚመጣው ዓርብ ልምምድ ካልተስተካከለ ኪቦርድ የሚጫወት ሰው አለ፤ እሱን እጠይቃለሁ» አለች። እረፍቷ ዓርብ ብቻ ነው። ኪቦርድ ስትል ደሜ ፈላ።

በማግስቱ ሪክሻ ይዤ አል-ሳሃፋ ሰፈር፣ ሬዲዮ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ጊታሯን ከፍተው የቶኑን ቁልፍ አሳዩኝ። ምስር የምታህል፣ ካፓሲተር የምትባል ዕቃ ተበይዳበታለች፤ ሥራዋ ቀጭኑን ድምፅ ወደ መሬት ሽቦው አፍስሶ ማጥፋት ነው። ቶኑን በቀነስነው ቁጥር ብዙ ታፈሳለች፣ ድምፁም ይወፍራል። የእኔዋ ግን ድምፅ ወደ ቮልዩሙ ቁልፍ ከሚገባበት እግር ጋር ስለታሰረች፣ ቮልዩሙን ስቀንስ ቀጭኑ ድምፅ ሳላዝዘው ይሄዳል። ሽማግሌው ሽቦዋን ነቅለው ድምፅ የሚወጣበት እግር ላይ በየዷት። ያቺኑ አንዲት ሽቦ ብቻ። «ኸላስ፣ አበቃ፤ ሞክራት፣ ያ ዞል» አሉኝ። ቮልዩሙን እስከ ግማሽ አውርጄ መታኋት። ድምፁ ቀነሰ እንጂ አልደበዘዘም፤ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይሰማል።

ዓርብ ልምምድ ላይ ደረቴን ነፍቼ ጀመርኩ። ጉድ የፈላው ያኔ ነው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳትደርስ ዘፈኗን አቁማ ሳቀች። እኔም ሰምቼው ነበር። በአምባሰል ከመነሻው ቀጥላ የምትመጣዋ ድምፅ ጠጋ ያለች ናት፤ የእኔ ጣት ግን ከልጅነቱ የሱዳን ዘፈን ስለለመደ አንድ እርከን አልፎ ነው የሚረግጠው። ለካስ የድሮው አበያየድ ገመናዬን ሸፍኖልኝ ኖሯል።

«ሽቦው አይደለም፣ ወንድሜ» አለች። «ይሄ የኛ አይደለም፤ የናንተ ነው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል።»

ከስህተቴ ይልቅ «የናንተ» ያለችው አመመኝ። ጊታሬን ልሰበስብ ተነሳሁ።

«ወዴት ነው? ያላ፣ ተቀመጥ» አለችኝ። ጣቴ እስኪገባው ድረስ ያቺን አንዲት ድምፅ ስታዜምልኝ አመሸች። የኪቦርዱን ሰው ነገር አላነሳችም።

ሰርጉ ላይ ቮልዩሙን ዝቅ አድርጌ ከኋላዋ ቆምኩ። የእሷም የእኔም ጥርት ብሎ ይሰማል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጭብጨባው ሲደራ ሞቅ አለኝና ጣቴ አምልጦኝ የሱዳኑን ድምፅ ረገጠ። ዘፈኑ እንዳለቀ አንዲት እናት ወደ እሷ ጠጋ ብለው፣ «ይሄ ልጅ የየት አገር ሰው ነው?» አሏት።

«የወሎ ነው» አለች፣ ዞር ብላ እንኳ ሳታየኝ። «ሱዳናዊ የሚሆነው ሲሳሳት ነው።»