የሚዜዬ ጠማማ ክንፍ

ወጣት ሆኜ ደብረ ዘይት ወታደር ሳለሁ፣ አንድ የአውሮፕላን መካኒክ ከቀላል እንጨትና ከስስ ወረቀት በላስቲክ የምትበር ትንሽ አውሮፕላን መሥራት አስተማረኝ። አገሬ ፎገራ ተመልሼ እርፍ ስጨብጥ ተውኩት። ዘንድሮ መሬቱን ለወንዶቹ ልጆቼ ለቅቄ ወረታ ቤቴ መዋል ስጀምር እጄ ሥራ ፈታ። ሴቷ ልጄ ከአዲስ አበባ ባልሳ የሚሉትን፣ እፍ ቢሉት የሚነሳ እንጨት አመጣችልኝና እንደገና ጀመርኩ።

ጥፋቴ ለሚዜዬ ማሳየቴ ነው። ሠርጌ ላይ አጠገቤ የቆመ፣ ዕድሜ ልኩን ድንበርተኛዬ ሆኖ ያረሰ ሰው ነው።

«እኔንም አስተምረኝ እንጂ» አለ።

እንጨቱን አካፈልኩት። አቆራረጡን፣ አጣባበቁን አሳየሁት። አንድ ነገር ግን አስቀረሁ። ወረቀቱን ክንፉ ላይ ለጥፈህ ሩዝ በተቀቀለበት ውሃ ታረጥበዋለህ፤ ሲደርቅ ይወጠራል። እስኪደርቅ ግን ክንፉን ሳንቃ ላይ በስፒል ቸንክረህ መያዝ አለብህ። አለዚያ ወረቀቱ ሲኮማተር እንጨቱን ይጠመዝዘዋል። ይህን ዝም አልኩ። ረስቼ አይደለም። ሰውየው የነካው ሁሉ ይሰምርለታል፤ ሩዙ ከኔ ቀድሞ ያሸታል፣ በሬው ከኔ በሬ ይሰባል። ይቺ እንኳ ለኔ ትቅር አልኩ።

ጥቅምት ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ቁሐር ሚካኤል ወዳለው ሜዳ ወጣን። ከሜዳው ዳር ያለው ሩዝ ገና ውሃ ላይ ነው። የኔ ክንፍ ቀጥ ያለ፣ እንደ ከበሮ የተወጠረ። የሱ ግራ ክንፍ ጫፉ እንደ ደረቀ ቁርበት ተጠማዝዟል። ሆዴ ሳቀ።

ላስቲኩን ጠምዝዤ ለቀቅኩ። የኔዋ ቀጥ ብላ ሄደች፣ ሄደች፣ ሩዙ መሀል ውሃ ውስጥ ተደፋች። የሚዜዬ ግን በዚያ ጠማማ ክንፍ እንደ ጭልፊት ከራሳችን በላይ ሦስት ጊዜ ዞራ፣ ደረቁ ሣር ላይ፣ እግሩ ሥር አረፈች። ከቅዳሴ ተከትሎን የመጣው ሰው አጨበጨበ። ባለቤቴ ጭምር!

«ምነው፣ አስተማሪው አንቱ አልነበሩም?» አለችኝ፣ ከነጭቃዬ ስወጣ።

ቅዳሜ ሚዜዬ አውሮፕላኑን ታቅፎ መጣ።

«አንተ፣ ክንፉ ተጣሞብኛል። ያንተ እንዴት ነው ቀጥ ያለው? አፍሬበታለሁ እኮ።»

ያኔ ገባኝ። ያዞረለት ጠማማው ክንፍ መሆኑን አያውቅም። ቀጥ ቢያደርገው እንደኔ ውሃ ይገባል። ያን ሁሉ ጊዜ የነፈግኩትን በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩለት። ስፒሉንም ከራሴ ሰጠሁት።

«እግዜር ይስጥልኝ! አንተ መቼም አትደብቅ» ብሎ ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። ቀና ብዬ አላየሁትም።

በነጋታው ወደዚያው ሜዳ ወጣን። አዲሱ ክንፉ ቀጥ ብሏል። ለቀቃት። እሷም ቀጥ ብላ ሄዳ ሩዙ መሀል ወደቀች። ደስ ሊለኝ ሲል እሱ ሱሪውን ሰብስቦ እየሳቀ ውሃው ውስጥ ገባ።

«አየህልኝ! አሁን ገና ያንተን መሰለች!» ይላል፣ ጭቃው ጉልበቱ ደርሶ።

እኔ ባለፈው ስገባ ሁለት ቀን ሰው አላናገርኩም። ዳር ቆሜ፣ በሳቁም ቀናሁበት።