በእርካብ ላይ የደረቀው ጎረቤቴ

ሰው በውርጭ የሚወጣው ለጤናው ነው ይባላል። እኔ የወጣሁት ለቂም ነው፤ ጤናው በኋላ እየሮጠ ደረሰብኝ።

ኅዳር ላይ ነው። እንጅባራ በዚያ ሰሞን ጠዋት ስትናገር ቃልህ ከአፍህ ወጥቶ ሰሚው ጋ ሳይደርስ ይረጋል። እኔ ደግሞ ከሥራ የተረፈ ጊዜዬን ሁሉ ከከሰል ምድጃ ሥር ማሳለፍ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እንቅልፌ ጠፍቷል፣ ጉልበቴ ተሳስሯል፣ ከሚስቴ ጋር ምክንያቱን በማናስታውሰው ነገር እንጣላለን። ጤና ጣቢያ ብሄድ አንዲት ነርስ፣ "አባባ፣ የሚያስፈልግዎት መድኃኒት አይደለም። ጠዋት ጠዋት ይውጡ፣ ይራመዱ፣ ፀሐይ ይሙቁ" አለችኝ። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው! ከበሽታው ይልቅ "አባባ" ማለቷ አመመኝ። ቀጥ ብዬ ወደ ምድጃዬ።

ያስወጣኝ ጎረቤቴ ነው። ከአዲስ ቅዳም ከተማ መጥቶ ከአጥሬ ጎን ቤት የሠራ የከሰል ነጋዴ ነው፤ እኩያዬ ነው፣ ምላሱ ግን ታላቄ ነው። የሰፈራችን እድር በተሰበሰበበት ቀን ከአንድ ቀብር መቅረቴ ተነሣ። "ብርዱ ከብዶኝ ነው" ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሱ ብድግ አለና፣ "ተዉት እባካችሁ! እሱ ሲሞት እንኳ ሬሳው ከምድጃው አልነሣም ይላል" አለ። እድርተኛው ሁሉ ተንከተከተ። ሰብሳቢው ሽማግሌ ሳይቀሩ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ቀልዱ ከእኔ ቀድሞ ቤት ገብቶ ሚስቴን ሆዷን ይዛ ስትስቅ አገኘኋት። ሰፈርን በቀልድ የማስቀው እኔ ነበርኩ፤ አሁን መሳቂያው ሆንኩ። በዚያው እድር ፊት፣ በዚያው አፉ ቃሉን ካላስዋጥኩት ሰው አይደለሁም ብዬ ማልኩ።

በማግስቱ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወጣሁ። እስከ አስፋልቱ ደርሼ ተመለስኩ፤ አፍንጫዬን እዚያው የረሳሁት መሰለኝ። በሁለተኛው ቀን እስከ ባሕር ዛፎቹ ሄድኩ። በየእርምጃው እሰድበዋለሁ፤ ቁልቁለቱን እሱን፣ ዳገቱን ሰባት ትውልዱን። ስድቡ ከካፖርት ይበልጥ ያሞቅ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዘንገና ሐይቅ ደረስኩ። ውርጩ ከሣሩ ላይ እየጨሰ፣ ጉሬዛዎቹ ከቅርንጫፍ ላይ ደረታቸውን ለፀሐይ ሰጥተው፣ ሐይቁ ከታች ዝም ብሎ። አንድ ጠዋት መሳደቡን ረስቼ ቆሜ ቀረሁ። ደነገጥኩና ካቆምኩበት ትውልድ ቀጠልኩ። ሌሊቱን ግን እንደ ግንድ ተኛሁ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከዘንገና ማዶ የአንድ እድርተኛ አባት አረፉ። በእኛ አገር ወደ ገጠር ለቅሶ በፈረስ መሄድ ወግ ነው። ጎረቤቴ ነጭ ፈረሱን ሸልሞ፣ አዲሱ ኮቱ እንዲታይለት ጋቢውን ቤት ትቶ መጣ። እኔ በእግሬ።

"ጓዴ፣ በእግርህ ነው? ቀብሩ ዛሬ መሆኑን አልነገሩህም?" አለኝ ከላይ። ሰዉ ሳቀ።

"አንተ ቅደም" አልኩት።

ለለቅሶ አይጋለብም፤ ሰልፉ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። በውርጭ ቀን ደግሞ የሚራመደው ፈረሱ ነው፣ የሚሞቀውም ፈረሱ ነው። ሌሎቹ ይህን ስለሚያውቁ ዳገቱ ላይ እየወረዱ ፈረሳቸውን ሳቡ። እሱ ግን እኔ እያየሁት ወርዶ በእግሩ ይሂድ? ሞቶ ነው! የእርካቡ ብረት ጫማውን አልፎ አጥንቱን እየበላው ተቀመጠ። እኔ አልቦኝ ጋቢዬን ወገቤ ላይ ጠምጥሜያለሁ።

"እላይ አየሩ እንዴት ነው?" አልኩት።

"ም... ምንም አይል።"

"ጋቢ ላውስህ?"

"አ... አልፈልግም!"

በየመቶ እርምጃው ጠየቅሁት። እንደዚያ ቀን ቸር ሆኜ አላውቅም።

ስንደርስ ሁሉም ወረደ፤ እሱ አልወረደም። አራት ሰው እንደ ቀርከሃ አልጋ አግድም ተሸክሞ አወረደው። ጉልበቱ እንደታጠፈ ቀርቷል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ እንባው ዱብ ዱብ ይላል። የሟች ቤተ ሰቦች ሲያዩት ለቅሶውን አቀለጡት። "ኧረ እንዴት ያለ ወዳጅ ነው! በሐዘን ደርቆ መጣ!" ብለው የሟች እህት አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። እድርተኛው በለቅሶ ላይ እንዳይስቅ ከንፈሩን ነክሶ መሬት መሬቱን ያያል።

ደግፌው ወደ ጆሮው ጠጋ አልኩ። "ሐዘን ነው ብርድ? ለእኚህ እትዬ ልንገራቸው?"

"በ... በእናትህ!"

"እንግዲያው እድር ፊት ተነሥተህ ያን ቃልህን ትውጣለህ።"

ጥርሱ እየተንገጫገጨ እሺ አለ። ያኔ ጋቢዬን አለበስኩት፤ ከዚያ በፊት አይደለም።

በወሩ ስብሰባ ተነሣ። "ያን ቀን ስለ እሱ ያልኩት... ስሕተት ነው። በብርድ ከእኔ እሱ ይበረታል" አለ ወደ ደረቱ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። "ተቀበልክ?"

"አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ ጥግ አይሰማም። ያስደግሙልኝ።"

ደገመው። ድምፁ አሁንም አልጣመኝም፤ አጥር ላይ ተንጠልጥለው የሚሰሙ ሴቶች እንዳሉም አይቻለሁ። "አንድ ጊዜ ብቻ ይድገመው፣ አያ" አልኩ። ሦስተኛውን የጮኸው ደም ሥሩ ተገትሮ፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ እያየው ነው። ያን ጊዜ "ተቀብያለሁ" ብዬ ተቀመጥኩ።