ሰብሌ የጫነችው ጆሮ

ላሊበላ ውስጥ ማመልከቻ የሚያስጽፍ፣ ስልኩ አልከፍት ያለው፣ ፎቶ የጠፋበት ሰው ሁሉ ሰብሌን ያውቃታል። ከገበያው በላይ ባለች ጠባብ የኮምፒውተር ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ፊቷ ቶሎ አይፈታም፤ ሥራ ይዛ ከሆነማ ሰላምታዋም በግድ ነው። ሠላሳን አልፋ አለማግባቷን እያነሱ የሚያሟት አይጠፉም። ይሙቱበት! ሰብሌ እንደሆነች ለማንም መልስ ሰጥታ አታውቅም፤ ከእናቷ ከወይዘሮ ባንችይርጋ ጋር ኑሮዋን ትገፋለች።

ወይዘሮ ባንችይርጋን ተስቦ ይዟቸው ሲነሡ ጆሯቸው ድፍን ብሎ ቀረ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ቆጥረዋልና የሚፈልጉትን ሰብሌ ጽፋ ታስነብባቸዋለች። የቸገረው ንስሐው ነው። የነፍስ አባታቸው ቄስ ሰይፈ ሥላሴ የገነተ ማርያም አገልጋይ ናቸው። ቄሱ ቀኖና ቢሰጡ እሳቸው አይሰሙ፤ ጮክ ብለው ይንገሯቸው ቢባል ግቢውን የሞላው ሕዝብ ሊሰማ ነው። እንዳይጽፉላቸው የቄሱን ዓይን ሞራ ጋርዶታል። ልጅየዋ መሃል ገብታ እንዳታስረዳ፣ ንስሐ በሦስተኛ ሰው አይገባም። ሌላ ካህን ያዙ ሲሏቸው ደግሞ «ነፍሴን የሚያውቁ አባት በሕይወት እያሉ?» ብለው አሻፈረኝ አሉ። እንዲህ ሲሆን ከቁርባን ርቀው ዓመታት አለፉ። ፍልሰታ በመጣ ቁጥር ሕፃን አዋቂው ሲቆርብ እሳቸው ከደጅ ቆመው ያለቅሳሉ። የሰብሌን አንጀት የበላው ይኸው ነው።

ንግግርን ሰምቶ የሚጽፍ ነገር እንዳለ ታውቃለችና መጀመሪያ በኢንተርኔት የሚሠራውን ይዛ ቄሱ ዘንድ ሄደች።

«ልጄ፣ ድምፄ ወዴት ደርሶ ነው ተጽፎ የሚመለሰው?» አሏት።

«ባሕር ማዶ ያለ ኮምፒውተር ጋ ነው፣ አባ።»

«እንግዲያው ይቅር። ንስሐ ከእሷ፣ ከእኔና ከእግዚአብሔር አያልፍም።»

እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ እዚያው መሣሪያው ላይ የሚጫን፣ ላይብረሪ የሚሉትን የፕሮግራም ጥቅል መፈለግ ግድ ሆነባት። አማርኛ የሚያውቅ አገኘች። መጫኑ ግን ልቧን አወለቀው። የሱቁ ኮምፒውተር አሮጌ ዊንዶውስ ነው፤ ላይብረሪው የሚሠራበት ፓይተን የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ አለ፤ የሚፈልገው ዓይነት ሌላ፣ እዚያ ያለው ሌላ። አንዱን አጥፍታ ሌላውን ስትጭን፣ ከማይኩ ድምፅ የሚቀበለው ክፍል ጎደለ። እሱን ማውረድ ስትጀምር መብራት ይሄዳል። እንዲያም ሆኖ ሠራላት፤ ግን ያን የሚያህል ሣጥን ተሸክሞ ገነተ ማርያም ማን ይወጣል?

በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚሉት ሥርዓት የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ነበራት። እዚያ ደግሞ ትእዛዙም ሌላ፣ የሚጎድለውም ሌላ። ጥርሷን ነክሳ እሱንም አስገባችው። ባትሪው ግን ከሶኬት ሲነቀል አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም እንኳ አይቆይም። የቀራት ስልኳ ነው። አንድሮይዱ ድምፁን ወደ ጽሑፍ የሚለውጠውን ትልቁን ሞዴል አልችልም አለ፤ ትንሹን ጫነችበት፤ ትንሹ ደግሞ ይሳሳታል። ብቻ ቀስ ብሎ ለሚናገር ሰው ይታዘዛል፣ ቄስ ሰይፈ ሥላሴም ሲናገሩ ዝግ ብለው ነው። የተጻፈው ሁሉ ሲዘጋ እንዲጠፋ አድርጋ ስታበቃ፣ ቃላቸው ከስልኩ እንደማይወጣ ለቄሱ ማተቧን ይዛ ማለችላቸው፤ እሳቸውም እሺ አሉ።

በፍልሰታ አንድ ቀን፣ ጉም ገነተ ማርያምን ሸፍኖት ሳለ፣ ስልኩን በእናቷና በቄሱ መሃል አስቀምጣ ራቅ ብላ ሄደች። ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ቢበላሽ እንኳ ማስተካከል አትችልም፤ መቅረብ አይፈቀድላትማ። እንዲያው «አደራህን» እያለች ስትለምን ቆየች።

እናቷ ስልኩን ይዘው መጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሁሉንም አነበብኩት» አሉ። «ቀኖናዬ አንቺ ዘንድ ነው። ነግረሻት ይቅር ካለችሽ ቁረቢ ብለውኛል።»

ሰብሌ ምንም አልገባት።

«አረጋ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ የመጡበትን ጽፈው አስነበቡኝ። አንቺ ሥራ ላይ ነበርሽ። ልጄ ለሌላ ቃል ሰጥታለች ብዬ መለስኳቸው። ጆሮዬ እንደሄደ ሰሞን ነው። ጥለሽኝ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ።»

አረጋ ጋሸና ከተማ የሚያስተምር መምህር ነበር። ተዋደው ነበር፤ ሽማግሌ እልካለሁ ብሏት ድንገት ድምፁ ጠፋ። ሰብሌ ከዳኝ ብላ ስንቱን እርግማን አወረደችበት፣ ቁጥሩንም አጠፋችው። ኋላ ፍላቂት ከተማ ሄዶ አግብቶ መውለዱን ሰማች።

ስልኩን ተቀበለች። እንዳይጽፈው መዳፏን ማይኩ ላይ ጫን አድርጋ የሆዷን ሁሉ ተናገረች። ወይዘሮ ባንችይርጋ የልጃቸውን ከንፈር አዩ፣ ባዶውንም ስክሪን አዩ።

«እጅሽን አንሺ» አሉ። «የተናገርሽውንም ልየው። እሱን ሳላነብ ይቅርታሽ ምን ያደርግልኛል?»

ሰብሌ እጇን አነሣች።

«ያን ሁሉ ዓመት የረገምኩት አረጋን ነው። ምንም ያላደረገኝን ሰው። አንቺን ጥዬ እሄድ ነበር እንዴ? ብትጠይቂኝ ሦስታችንም አብረን እንኖር ነበር። ዕድሜዬን ወሰድሽብኝ፣ እማዬ።»

ያ ሲሳሳት የከረመ ስልክ አንዱንም አልሳተው። እናቷ በጣታቸው እየተከተሉ እስከ መጨረሻው አነበቡ። «እውነትሽን ነው» አሉ፤ ሌላ ምክንያት አልደረደሩም። ከዚያ ጎንበስ ብለው «ይቅር በይኝ» አሏት።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች ሰብሌ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስላለችው ስልኩ ምንም አልጻፈም። እናቷ ስክሪኑን እያዩ ይጠብቃሉ። ስልኩን ወደ አፏ አስጠግታ፣ ቀስ ብላ፣ ለስልኩ እንደሚነገረው አድርጋ ደገመችው።

በማግስቱ ወይዘሮ ባንችይርጋ ቆረቡ። ሰብሌ ነጠላቸውን ይዛላቸው እስከ ሴቶች በር አደረሰቻቸው። እሷ ግን በዚያ ፍልሰታ አልቆረበችም፤ ሆዷ ገና አልጠራም ነበር።