ያልተረጎምኩላት የዓሣ ወረቀት

ዛሬ ለእርግዝና ክትትል ሄጄ አዋላጇ ከሰጠችኝ ወረቀቶች በአንዱ ላይ ዓሣ ተስሏል። ባቡር ውስጥ ገልጬ ሳየው ሽታው ራሱ ከወረቀቱ የወጣ መሰለኝ።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባቴ ከጽዳት ሥራው ተቀንሶ የበረዶውን ወራት ሙሉ በሰው አገር፣ ቴንስታ የሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን መስኮት ሥር ተቀምጦ፣ ሳይናገር ከረመ። በረዶው ሲቀልጥ አንድ ጎረቤት ስትሮሚንግ ማጥመድ አስተማረው። ይህች ብርማ ትንሽ ዓሣ በጸደይ ከባሕር ተነስታ፣ እንቁላሏን ልትጥል ሐይቁ በከተማው መሃል አልፎ ወደ ባሕሩ ወደሚፈስበት ወንዝ ትመጣለች። አባቴ ባልዲውን ሞልቶ በባቡር ሲመለስ ሰው ሽታውን ሸሽቶ ወንበር ይቀይር ነበር። እሱ ምን ገዶት፣ «ዓሣ እንደሁ አይታረድ፤ ሐላል ሆኖ ነው የሚወጣ» እያለ ይስቃል። ሳቁን ረስቼው ነበር።

እናቴ እርጉዝ ነበረች። ሥጋ ገና ሲሸታት ያቅለሸልሻታል፣ ያንን ዓሣ ግን ጠብሳ በሚጥሚጣ ትበላው ነበር። ክትትል ስትሄድ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። የእናቴ አዋላጅ ወረቀት ዘርግታ አንድ መስመር በጣቷ ነካች፤ ከዚህ ባሕር የሚወጣ ዓሣ መርዝ አለው፣ እርጉዝ ሴት አታዘውትረው ይላል።

«ይሄን ለእናትሽ በደንብ ንገሪያት» አለችኝ።

እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ምን አለች?» አለች።

አባቴ መስኮቱ ሥር ተመልሶ ሲቀመጥ ታየኝ። «ውሃ በደንብ ጠጪ አለች» አልኳት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ ወዲያ ገበታ ላይ እፎይ ብዬ አላውቅም። እናቴ በጎረሰች ቁጥር ሆዷን አያለሁ። ለእሷ እንዳይተርፍ ብዬ፣ ሳልወደው፣ እየተሻማሁ እበላ ጀመር። አባቴ ግን «ልጄ ዓሣ ወደደች» ብሎ በሁለት ባልዲ ማምጣት ጀመረ።

ወንድሜ በነሐሴ ተወለደ። ደህና ነበር፤ ዛሬ አባቴን በቁመት ይበልጠዋል። እኔ ግን ትኩሳት በያዘው ቁጥር፣ በወደቀ ቁጥር፣ ያ ነገር አሁን መጣ እል ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

ወረቀቱን አሁን እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ያኔ ያላየሁት መስመር አለው። ክልከላው ለሴት ልጆችም ነው፤ መርዙ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ወደፊት ለሚወልዱት ልጅ ይተርፋል ይላል። እጄን ሆዴ ላይ አደረግሁ። ፈራሁ።

ስልኬ ጮኸ። አባቴ ነው፤ ድምፁ የዚያ ጸደይ ድምፅ ነው።

«ዓሣው እኮ ጠፍቷል፣ የኔ እናት። ከጧት ጀምሬ ቆሜ ያገኘሁት ስድስት ብቻ ነው። ለእናትሽ እንኳ አልነገርኳት፤ ላንቺ ነው ያስቀመጥኩት። ይዤልሽ ልምጣ?»

ወረቀቱን አጠፍኩት።

«አምጣልኝ፣ አባዬ» አልኩት።