የሉካንዳው ሰውዬ ቀኝ እጅ

ባለ ሉካንዳውን ሰፈሩ «ቃል በቃል» ነው የሚለው። እናቱ ባወጣችለት ስም ብትጠሩት ዞር አይልም። ሰባኪው «ስትጸልይ ክፍልህ ግባ፣ በርህንም ዝጋ» ያለ ጊዜ፣ ሱቁ ውስጥ በር ያለው የሥጋ ማቀዝቀዣው ክፍል ብቻ ነውና እዚያው ገብቶ ከረቸመው። ሚስቱ ጎትታ ስታወጣው ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ «አሜን» ማለት አቅቶት ነበር። አንዱ ሰካራም በጥፊ ሲያጮለው ደግሞ ሌላኛውን ጉንጩን አዞረለት፤ ሰካራሙ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ጤነኛ አይደለም!» ብሎ ስካሩ በርሮለት ፈረጠጠ።

ድሮ ሚስቱ በዚህ ሁሉ ትስቅበት ነበር። ትንሹ ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ግን ሳቁ ቀረ። እሱ ቃሉ ላይ ሙጭጭ አለ፣ እሷ ደግሞ ዝም አለች። የልጁን ነገር በቤቱ የሚያነሳ የለም።

ያን ቀን ከስብከት እንደተመለሰ ጎረቤቱን ልብስ አጣቢዋን አስጠራት።

«እህቴ፣ ሥጋ ስትገዢ ሚዛኑን በአውራ ጣቴ እየተጫንኩብሽ ነው የኖርኩት።»

«መቼ አጣሁት! አንዳንዴማ ጣትህን አብሬ የቀቀልኩት ይመስለኛል!»

«ቀኝ እጅህ ብታሰናክልህ ቆርጠህ ጣላት ይላል» አለና ቀኝ እጁን የሥጋ መክተፊያው ግንድ ላይ ዘረጋ። በግራው ገጀራውን አነሳ።

አጣቢዋ ሳቋን አቋርጣ ወደ ግንዱ ተጠጋች። «ኧረ ጉድ ፈላ! አንተ፣ ያጠፋው አውራ ጣትህ! ሌሎቹ ምን አደረጉ?!»

ሚስቱ ሽንኩርት መክተፏን ትታ ከጓዳ ወጣች። ገጀራውን ታውቀዋለች፤ የበሬ ቅልጥም በአንድ ምት ነው የሚለየው። «ምሳሌ ነው! አንተ ሰውዬ፣ ምሳሌ ነው!» ብላ ጮኸች።

ጩኸቷን ሰምቶ ሰባኪው በሩጫ መጣና በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ንገረው እንጂ!» አለችው ሚስቱ።

«ወ... ወንድሜ» አለ፤ ያ መድረክ ላይ የሚያስገመግም ድምፅ እንደ ጫጩት ቀጠነ። «ከክፉ ራቅ ለማለት እኮ ነው።»

«ጠዋት እንደዚያ አላልክም» አለው ባለ ሉካንዳው።

«የታወቀ ነው ብዬ ነዋ!»

ገጀራው አልወረደም። «እንግዲያስ ሙታን ይነሳሉ የሚለውስ? ልጄ ይነሳል ያልከኝስ? እሱም ምሳሌ ነው?»

«እሱማ... እሱማ እውነት ነው።»

«በምን ለየኸው? ለእጄ ስትደነግጥ ምሳሌ፣ ልጄ ሲያሳዝንህ እውነት?»

ሰባኪው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ገጀራው ሽቅብ ወጣ።

«ይነሳል» አለች ሚስቱ። ሁሉም ዞረው አዩዋት። «ሲነሳ በምንህ ልታቅፈው ነው?»

«በግራዬ።»

«በግራህ? በሁለት እጅህ ብብቱን ይዘህ ሽቅብ ካልወረወርከው መቼ ይስቅልህ ነበር? በአንድ እጅህ ወርውረህ ልትጥልብኝ ነው?»

ሰውዬው ቀኝ እጁን ልክ አሁን እንደበቀለ ነገር አየው። ከዚያ ገጀራውን ቀስ ብሎ አስቀመጠና መሬቱ ላይ ዘጭ ብሎ አለቀሰ። አጣቢዋ ገጀራውን በቀሚሷ ጠቅልላ ላጥ አለች፤ ሰባኪውም ተከተላት።

ሚስቱ ግን ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ልጇን ከቀበረች ጀምሮ ይነሳል የሚለውን አንድም ቀን አምናው አታውቅም። አሁን ማን ከአፏ እንዳወጣው ግራ ገብቷት፣ ሽንኩርት ሽንኩርት በሚል እጇ አፏን ይዛ ቀረች።