ጋሼ ተሰማ ለጃፓኖቹ «በልተናል» ያሉበት ጠዋት

ታርኔት፣ የከተማው ዳርቻ፣ ንጋት ላይ

ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። ባቡሩ ወደ ሰፈራችን ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ ጋሼ ተሰማ ግን መኪና ይሻላል ስላሉ ሾፌርነቱ ለእኔ ለጎረቤታቸው ደረሰ። እሳቸው ሱፋቸውን ለብሰው ከፊት፣ ልጃቸው ሐና ከኋላ። ሐና ልታገባ የፈለገችው ኬን የሚባል ጃፓናዊ ነው። ወላጆቹ ከጃፓን ሊጠይቁት መጥተው ዛሬ ከሰዓት ይመለሳሉ። ጋሼ «ሰዎቹን ሳላይ እሺ አልልም» ብለዋል፤ ስለዚህ ያለው ዕድል ኬን ቤት የተጠራንበት ይህ ቁርስ ብቻ ነው።

ላቨርተን ኖርዝ

መጋዘን፣ መጋዘን፣ ከባድ መኪና። ጋሼ የሚሠሩበትን ዌርሃውስ እንኳን ዞር ብለው አላዩትም፤ ከሐና ጋር የጃፓንኛ ትምህርት ላይ ናቸው።

«‹እንብላ› ለማለት ለትልቅ ሰው ‹ታቤማሾ› ነው፣ አባዬ። ‹ታቤዮ› ለቤተሰብና ለጓደኛ ነው። ሚክስ እንዳታደርገው፣ ፕሊዝ።»

«እኔ አንቱታ ጠፍቶኝ አያውቅም» አሉ ጋሼ።

ልጅቷ ሁለቱን ቃላት ደግማ አስጠናቻቸው። አሳዘነችኝ።

ፊትዝሮይ፣ ቁርስ

የኬን ቤት ጠባብ ናት። ጠረጴዛው ላይ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ትኩስ ሾርባ፣ የተጠቀለለ እንቁላል። የኬን አባት እጅ ነስተው «ታቤማሾ» አሉ።

ጋሼም እጅ ነስተው በእንግሊዝኛ «በልተናል፣ እናመሰግናለን» አሉ። ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። እኔም ሆዴን ይዤ ተስማማሁ። እኛ ዘንድ እንግዳ በመጀመሪያው ጥሪ ገበታ አይቀርብም፤ ይለመናል፣ «በሞቴ» ይባላል። እናትየው ግን ምግቡን ቀስ ብለው ከደኑና ስኳር የሌለው አረንጓዴ ሻይ ቀዱልን።

የጋሼ ፊት ጠቆረ። «ሁለተኛ አልጠየቁንም እኮ። ልጄን ለእነዚህ ነው የምሰጠው?» አሉኝ በአማርኛ።

ሐና ሰማች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አባዬ፣ እነሱ ጋ ኖ ካልክ ኖ ነው፤ እንግዳ አይጨቀጨቅም። በልተናል ስላልካቸው እነሱም አልበሉም። ሁላችሁም ርቧችኋል እኮ።»

ጋሼ ዞረው ሰዎቹን አዩ። እናትየው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ወለሉን ያያሉ፤ ምን እንዳጠፉ የሚያስቡ ይመስላሉ። አንጀቴን በሉት። የጋሼንም ሳይበሉት አልቀሩም፤ ተነስተው ክዳኑን ራሳቸው አነሱ፣ ሩዝ በጎድጓዳ ሳህን ሞሉና ለእናትየው በሁለት እጃቸው ሰጡ።

«ታቤዮ» አሉ።

ኬን ሳቁ አመለጠው። ሐና ደነገጠች። «አባዬ፣ እሱ ለቤተሰብ ነው አልኩህ።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ጋሼ፣ ለአባትየው ሩዝ እየጨለፉ። «ልጄን ሰጥቻቸው ሌላ ምን ልበል?»

ሐና ልትተረጉምላቸው አፏን ከፈተች፤ ለቅሶ ቀደማት።